የስጋጃው ጀርባ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለቄስ ኃይለኢየሱስ፣
አንኮበር

እንደምን ከርመዋል? የፋና እናት ወገቧን ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቶ ጠዋት ጠዋት ባልዲው ላይ በረዶ መስበር ጀምረናል።

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መንገዱ ተዘግቶ ሾፌሩ ወገኔ ሚኒባሱን ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ዛሬ ወደ እናንተ እወጣለሁ ስላለኝ ቆሜ ነው የምጽፈው። ለምን አልደወልሽም እንዳይሉኝ፤ ኔትወርክ ሲገኝም እርስዎ ያቋርጡኛል። ወረቀት አያቋርጥም።

«ፋናን ለምን አንድም ቀን አታነሻትም?» ብለው ጠይቀውኛል። እሺ፣ ላንሣት።

ልጅዎ ትምህርት ቤት አይደለችም። አቶ ብዙአየሁ ስጋጃ ቤት ውስጥ ናት። እዚያ አገር ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ «ደብረ ብርሃን ወስጄ አስተምራታለሁ፣ እንደ ልጄ አያታለሁ» ብሎ ከእጅዎ የወሰዳት ሰው ስጋጃ ያሠራታል።

እኔም የምሠራው እሱ ዘንድ ስለሆነ ግቢውን አውቀዋለሁ። ሁለት ቤት አለው። ፊት ለፊት ያለው ባለ ሰፊ መስኮቱ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ እሱ ይታያል፣ ትልልቅ ሴቶች ይሠሩበታል። ሁለተኛው ከሱፍ መጋዘኑ ጀርባ ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው። እዚያ ያሉት ልጆች ናቸው። ፋና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ድር ፊት ተቀምጣ ክር ትቋጥራለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጣቷ ተሰነጣጥቋል፣ ከሱፉ ብናኝ የተነሣ ታስላለች።

ይምጡና ይውሰዷት። ሌላ የምለው የለኝም።

እኅትዎ ይርጋለም


አንኮበር፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ለእኅቴ ለይርጋለም፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችን ደህና ነን። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ባሰብኝ።

አቶ ብዙአየሁን ደውዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። «አባ፣ ልጅቷ ከትምህርት ስትመለስ ሴቶቹ ሲቋጥሩ ማየት ትወዳለች። እትዬ ይርጋለም ደግሞ ዓይናቸው እየደከመ ነው» አለኝ። የትምህርት ቤት ካርዷንም በወገኔ እጅ ላከልኝ። ከክፍሏ አራተኛ ወጥታለች።

ትንሽ ሥራ ብትለምድስ ምን ነውር አለው? እኔ በሷ ዕድሜ ቤቴን ጥዬ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመንሁ ነው ዳዊት የደገምሁት። አንቺ ልጅ አልወለድሽም። ልጁን ወደ ከተማ የላከ ወላጅ ሆድ ምን እንደሚመስል አታውቂም። ላንቺ ለምን አልሰጠሁሽም ብለሽ ተቀይመሽ ከሆነ፣ ያለሽ አንዲት ክፍል የኪራይ ቤት መሆኑን ማንም ያውቃል።

ይህ ሰው ለጥር ሥላሴ የሚነጠፍ ስጋጃ ለደብራችን እያሠራ ነው። በስሙ አትቀልጂ። ደግሞስ በምን አወቅሽ? ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ገብተሻል? ስትሠራ በዓይንሽ አይተሻታል?

የእግዚአብሔር ቸርነት አይለይሽ።

ቄስ ኃይለኢየሱስ


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ዛሬ የማናግረው ቄሱን ሳይሆን አብሮኝ ያደገውን ወንድሜን ነው። ስለዚህ አንተ እልሃለሁ። ተናድደህ ከሆነ እኔ ቀድሜሃለሁ።

ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ አልገባሁም፤ እኔን አያስገቡም። ያወቅሁት በእጄ ነው። ስጋጃ ሁሉ ከድር ሲወርድ ወደ እኔ ክፍል ይመጣል። ፀጉሩን በመቀስ አስተካክላለሁ፣ ዘርፉን እቋጫለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ሳደርግ ኖሬ የሰው እጅ ከቋጠሮው እለያለሁ። ቸኩላ የቋጠረችውን፣ አልቅሳ የቋጠረችውን፣ ተርባ ያላላችውን አውቃለሁ። ቋጣሪ ሁሉ ክሩን አስራ ወደ ቀኝ ስባ ነው የምትቆርጠው፤ ስለዚህ ፀጉሩ ወደ ቀኝ ይተኛል። ከቆርቆሮ ቤት የመጣ አንድ ስጋጃ ላይ መዳፌን ሳሳልፍ መሐሉ ላይ ወደ ግራ ተኝቶ አገኘሁት።

በዚህ ግቢ ግራኝ አንድ ብቻ ናት። አንተ ታውቃታለህ። በሦስት ዓመቷ ግራ እጇን በነጠላ ቅዳጅ ከወገቧ ጋር ያሰርኸው አንተ ነህ፤ በቀኟ እንድትበላ፣ በቀኟ እንድታማትብ። ተማረች። መቋጠር ያስተማራት ግን ሌላ ሰው ስለሆነ በግራዋ ትቋጥራለች።

በዓይንሽ አየሻት ወይ ላልኸውም፣ አይቻታለሁ። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ቧንቧው አጠገብ ጠብቄ አነጋገርኋት።

«ፋና፣ ትምህርትስ?» አልኋት።

«ስጋጃው ሲያልቅ እገባለሁ ብለውኛል፣ አክስቴ።»

«የማን ስጋጃ?»

ዞር ዞር ብላ አየች። «የእነ አባባ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ እንደምሠራው እንዳትነግሪያቸው እሺ? በድንገት ሲያውቁት ደስ እንዲላቸው ነው ብለዋል ጋሼ ብዙአየሁ።»

«አንቺንስ ደስ ይልሻል?»

«አበባው እኔ የሠራሁት ይበልጣል። ሲሳይ የሱ አበባ ጎመን ነው የሚመስለው» ብላ ሳቀች። ሳቋን ሳል አቋረጣት። ባልዲውን ስታነሣ ጣቷ አልታጠፍ ብሏት በክንዷ አቅፋው ሄደች።

የልጅህን ጉልበት ለአንተ ስጦታ አድርጎ ሊሰጥህ ነው። ለእሷ ደግሞ ምስጢር አድርጎ አስያዛት።

ካርዱን አንሥተሃል። እስቲ ማኅተሙን አንብበው። የየትኛው ትምህርት ቤት ነው? ወገኔ ይዞት ሲያልፍ አይቼዋለሁ፤ የዚህ ከተማ አይደለም። እኔ ያለ አስተማሪ፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣና ከሱፍ መጠቅለያ ወረቀት ፊደል የለቀምሁ ሴት ነኝ፤ ማኅተም ግን አነባለሁ። አንተ ከመጻሕፍት ሥር ስትቀመጥ አድገህ አንዲት ክብ ማኅተም አታነብም?

ልጅ አልወለድሽም አልኸኝ። እውነት ነው። ስለዚህ የማንንም ልጅ ለማንም አልሰጠሁም።

ይርጋለም


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

በኅዳር ሃያ ሁለት የጻፍኸው ደረሰኝ። ስጋጃው በደህና መግባቱን፣ ዲያቆናቱ ሲያዩት ማጨብጨባቸውን፣ ዕቃ ቤት መቀመጡን፣ በጥር ስድስት፣ በሥላሴ ዋዜማ፣ ጸሎት ተደርጎበት መቅደስ እንደሚገባ ነግረኸኛል። ስለ ማኅተሙ አንዲት ቃል የለችም። አንብበኸዋል ማለት ነው።

ከዚያ በታች፣ ቀለም እስኪያልቅ ተጭነህ የጻፍሃት ጥያቄ አለች። ካንተ ደብዳቤ ሁሉ የምፈራት እሷን ነበር። እመልሳለሁ።

ከሰኔ ጀምሮ ነው የማውቀው።

ገና ሰሞኑን እንዳወቅሁ አስመስዬ ነበር የጻፍሁልህ። ውሸት ነው። ያን በግራ የተኛ ፀጉር ያገኘሁት ሰኔ ላይ ነው። ክረምት ነው፣ ትምህርት ተዘግቷል፣ መስከረም ሲጠባ ትገባለች አልሁ። መስከረም ጠባ። ጥቅምት ሲገባ ነው ብዕር ያነሣሁት። ከእሷ በፊት የነበሩትን ልጆች ደግሞ ከሁለት ዓመት በላይ አውቃለሁ። ከወለጋ ተፈናቅለው እዚህ ከተማ መጠለያ የሰፈሩት ሰዎች ልጆች ናቸው። ስማቸውን ሳልጠይቅ ቋጠሯቸውን ከረከምሁ።

የባሰው ደግሞ ይኼ ነው። እያንዳንዱ ስጋጃ ጥግ ላይ ጣት የምታህል ጨርቅ ትሰፋለች። «ይህን ስጋጃ የሕፃን እጅ አልነካውም» የሚል ጽሑፍ አለባት። ጨርቋን የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለ አንድ ማኅበር ነው፤ እሷ የሌለችበትን ስጋጃ የውጭ ገዢ አይወስድም። የምሰፋት እኔ ነኝ። ማንበብ እችላለሁ፤ አንብቤ ነው የምሰፋት። የእናንተው ስጋጃ ላይም ሰፍቼባታለሁ።

ማኅበሩ በዓመት አንድ ጊዜ መርማሪ ይልካል። አምና የመጣችው ማኅደረማርያም የምትባል ወጣት ናት። ያን ቀን ልጆቹ ሁሉ ሱፍ እጠቡ ተብለው በረሳ ወንዝ ተልከው ነበር። ክፍሌ ገብታ «እማማ፣ እዚህ ልጅ ይሠራል?» አለችኝ። ብዙአየሁ በሩ ላይ ቆሟል። «አላየሁም» አልኋት። ስትሄድ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጨዋ ሴት ማለት እንደ እትዬ ይርጋለም ነው፤ አንድ ቃል አትተርፋትም» አለ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ዝምተኛ ናት እያላችሁ ስታመሰግኑኝ ኖራችኋል። ዝምታዬ ለሱ ሲሠራለት ነበር።

አሁን ስለ እኔ የፈለግኸውን አስብ። ግን አንድ ነገር አድርግ። ስጋጃውን ገልብጠው። ዕቃ ቤቱ ሴት ስለማይገባበት እኔ ላደርገው አልችልም። ፊቱን አትመልከት፤ ፊቱን እኔ በመቀስ አሳምሬዋለሁ። ጀርባውን ማንም አያሳምረውም። ከመሐሉ አበባ በስተግራ፣ ቀዩ ከሰማያዊው ጋር የሚገናኝበት ላይ እጅህን አሳርፍ። ቋጠሮው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። እዚያ ሲደርስ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ሁለት ስንዝር ያህል። ከዚያ ይመለሳል።

ያን ሁለት ስንዝር ነካክተህ ጻፍልኝ።

ይርጋለም


አንኮበር፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅቴ ይርጋለም፣

ገለበጥሁት።

ያልሽውን ቦታ አገኘሁ። እጄን አሳርፌበት ቆየሁ። ዲያቆኑ «አባ፣ አመመዎት?» አለኝ። ሁለት ስንዝር አይደለም፤ ሦስት ነው።

በመጪው ሐሙስ እመጣለሁ። ለማንም አትንገሪ። ለእናቷ ምን ብዬ እንደምነግራት ገና አላወቅሁም።

ኃይለኢየሱስ


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ከዚያ ግቢ አውጥተህ እኔ ዘንድ ያኖርሃት ፋና ደህና ናት። አንተ ከሄድህ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ተኛች። ለገበታ እየቀሰቀስኋት በልታ ትመለሳለች። ትናንት ብቻዋን ተነሥታ ቤቱን ጠረገች። ከገና በኋላ እዚህ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ይቀበላታል፤ አነጋግሬያለሁ። አንዲት ክፍል የኪራይ ቤት ለሁለት ሰው ትበቃለች።

«አሁንስ ምን ያናድድሻል? ልጄን ወሰድሁ አይደል?» ብለህ ጽፈሃል። የሚያናድደኝን ልንገርህ።

ብዙአየሁን «እናቷ ታማለች» አልኸው። እሺ፣ ልጅህን ለማውጣት ዋሸህ፤ እኔም ዋሽቼ አውቃለሁ። ከዚያ ግን እጁን ይዘህ «እንደ አባት ስለያዝህልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኸው። በሩ ሥር ቆሜ ሰማሁህ። መረቅኸው! ልጅህ አጠገብህ ቆማ በተሰነጠቀ ጣቷ ነጠላህን ይዛለች፣ አንተ ያሠራትን ሰው ትመርቃለህ። ለምን? በበዓሉ ቀን ፊት ለፊት ስትተያዩ እንዳታፍር ነው? ማን ነው ማፈር የነበረበት?

እዚያ ስጋጃ ላይ የስድስት ልጅ እጅ አለ። የአንተ አንዷ ናት። ካጠገቧ የተቀመጠው ሲሳይ ነው፤ አሥር ዓመቱ ነው። እናቱ አስናቀች መጠለያው ውስጥ ከሁለት ሕፃናት ጋር ናት። ትናንት ላነጋግራት ሄጄ ነበር። «እትዬ፣ እርስዎ የወንድምዎን ልጅ አወጡ። የኔን ልጅ ሲያወጡ ደግሞ ምሳውን ይዘው ይምጡ» አለችኝ። እሷ የተናገረችው ያናድደኛል፤ እውነት መሆኑ ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል።

አንተ ከሄድህ በኋላ ብዙአየሁ ነገሩ ሸተተውና ቆርቆሮ ቤቱን ቆልፎ ልጆቹን በተናቸው። መርማሪዋ በጥር አሥራ አራት ትመጣለች። እስከዚያ ንጹሕ ሰው ነው። እሷ ስትሄድ ይጠራቸዋል። ስልክ ደውዬ ለማኅደረማርያም ሁሉንም ነገርኋት፤ አምና የዋሸኋትንም። አልተቆጣችኝም። «እማማ፣ የእርስዎ ቃልና የአንዲት ልጅ ቃል አለ። እሱ ደግሞ የትምህርት ቤት ካርድ ያወጣል። በእጅ የሚያዝ ነገር አለ?» አለችኝ።

አለ። የቀሩት ሁሉ ተጭነው ባሕር ተሻግረዋል። አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም አንተ ዘንድ፣ ዕቃ ቤት ነው። ጨርቋም አለችበት፣ የልጆቹም እጅ አለበት።

ጸሎት ከተደረገበትና መቅደስ ከገባ በኋላ ተመልሶ እንደማይወጣ፣ የምእመን እጅም እንደማይነካው የቄስ ልጅ ስለሆንሁ አላጣሁትም። ብዙአየሁም አላጣውም። ለዚያ ነው ይህን ስጋጃ ለሥላሴ የሰጠው፤ እዚያ ከገባ ማንም አይገለብጠውም።

እስከ ጥር ስድስት ጊዜ አለህ። ላክልኝ።

ይርጋለም


አንኮበር፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅቴ ይርጋለም፣

ነገ ከተራ ስለሆነ ሥራ በዝቶብኝ በአጭሩ እጽፋለሁ። ሳልመልስልሽ በመቆየቴ ይቅር በይኝ።

በዋዜማው ካህናቱ ተሰብስበው ጸሎቱን እንድጀምር ጠበቁኝ። መጽሐፉን ዘረጋሁ። መልሼ አጠፍሁት። «ስጋጃው ይቆይ» አልኋቸው። መሪጌታ ቴዎፍሎስ ተቆጡ። «ለታቦት የቀረበ መባ ይመለሳል እንዴ? በማን ዘመን የታየ ነው?» አሉኝ። «አልቀረበም፣ ገና ነው» አልኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አይቀበሉም።

በበዓሉ ዕለት ብዙአየሁ እንግዶቹን ይዞ መጣ። ከቅዳሴ ስወጣ በሕዝቡ መካከል «አባ፣ ስጋጃዬ የታለ?» አለኝ።

«ተጠቅልሏል።»

«ዛሬ ያልተነጠፈ መቼ ሊነጠፍ ነው?»

«ጀርባውን አይቼዋለሁ።»

ሳቀ። «የስጋጃ ጀርባ ደግሞ ማን ያያል?»

«ሥላሴ» አልሁት።

አብረውት የመጡት አልሳቁም። ከዚያ ለምን እንደሆነ ለሕዝቡ ተናገርሁ። የልጄን ስም ጠርቼ፣ ልጄን የሰጠሁት እኔ መሆኔንም ተናገርሁ። የፋና እናት የሰማችው እዚያው ነው። እስከ ዛሬ አላናገረችኝም።

ዘንድሮ መቅደሱ በቄጠማ ነው የተከበረው።

ስጋጃውን ወገኔ ከገብስ ማዳበሪያዎች በታች አድርጎ ጭኖልሻል። «አባ፣ ስጋጃም ይፈናቀላል እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። ተቀበዪው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር። ይቅር።

ወንድምሽ ኃይለኢየሱስ


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

እንደምን ከረምህ? የፋና እናት ትናንት ደውላልኝ ረጅም ጊዜ አወራን። አንተን በሚመለከት ምን እንዳለች አልነግርህም። ራሷ ስትፈልግ ትንገርህ።

ስጋጃው በሰዓቱ ደርሷል። በጥር አሥራ አራት ማኅደረማርያም ከሠራተኛ ጉዳይ ሰው ጋር መጣች። ብዙአየሁ ባለ መስኮቱን ቤት እያስጎበኛቸው ሳለ እኔና ወገኔ ስጋጃውን ተሸክመን ግቢው መሐል በጀርባው ዘረጋነው። ልጆቹን አስናቀች አመጣቻቸው። እሺ ያለችኝ በጥር አሥራ ሦስት ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ቄሱ በሕዝብ ፊት ተናገሩ ሲባል ሰማሁ» አለች። እንግዲህ ይህን ላንተ ጽፌልሃለሁ።

ልጆቹን ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። ጫማቸውን አውልቀው ወጡበትና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፈለጉ። ሲሳይ ተንበርክኮ አንድ መሥመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ይቺ ያንቀላፋሁባት ናት» አለ። ቋጠሮው ላልቶ ላልቶ ጎብጧል። «እዚህ ጋ ደግሞ በክር ማበጠሪያው መቱኝ፣ ከዚያ ጥብቅ አለ።» ማኅደረማርያም መጻፍ አቁማ አየችው።

ብዙአየሁ «ይህ እኮ የልጅ ጨዋታ ነው! የትኛውም ልጅ የትኛውም ቦታ ላይ እጁን ያስቀምጣል» አለ። ያን ጊዜ ፋና ጠርዙ አጠገብ ተቀመጠችና ክርና መቁረጫ ጠየቀች። ሁላቸው ፊት በግራ እጇ አሥር ቋጠሮ ጠርዙ ላይ ቋጠረች። ማኅደረማርያም በጣቷ ነካችው፤ ከዚያ ሦስቱን ስንዝር ነካች። ከዚያ ጥጉ ላይ ያለችውን ጨርቅ ገልብጣ አነበበች። «ይህን የሰፋው ማን ነው?» አለች። «እኔ» አልኋት። መቀሴን አወጣሁና እዚያው ፈታኋት።

ጨርቅ መስጠቱን ማኅበሩ አቁሟል። መልሶ የሚሰጠው ቆርቆሮ ቤቱ ፈርሶ፣ በልጆቹ ፈንታ እናቶቻቸው በትልቅ ሰው ደመወዝ ከተቀጠሩ ነው ተብሏል። ብዙአየሁ ሌላ ምርጫ ስላጣ ተስማማ። አስናቀች ድር ፊት ተቀምጣለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቋጠሮ አስተምራታለሁ፤ አበባዋ ከልጇም የባሰ ጎመን ነው። ሲሳይ መጠለያው አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ገብቷል። እኔን አባርሮኛል፤ ይህን አስቀድሜ አውቄው ነበር፣ አታዝንልኝ። የሰው ዘርፍ እየቋጨሁ እኖራለሁ።

ደስ ብሎኛል እንዳትል። ከስድስቱ ልጆች ሁለቱ የሉም። ሲበተኑ ደብረ ሲና ወርደው መኪና ሥር ቆሎ ይሸጣሉ ይላሉ። በቀደም ሄጄ ከጠዋት እስከ ቀትር ፈለግኋቸው። አላገኘኋቸውም። ስማቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሁለት ዓመት ቋጠሯቸውን ከርክሜ ስማቸውን መንገድ ላይ እየጠራሁ ነው የተማርሁት። ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድልኝም አልጸልይ።

አሁን ወዳልጠየቅኸኝ ጥያቄ። «ይቅር» ብለህ የተውሃትን ማለቴ ነው። ምን እንደሆነች ሳትጽፋት አውቄያታለሁ። መልሱን ግን እኔ አልሰጥህም፤ ይቅርታው የእኔ አይደለም። ፋናን ለአባትሽ ደብዳቤ እየጻፍሁ ነው፣ ምን ልበልልሽ ስላት ብዕሬን ተቀብላኝ ፖስታው ላይ ራሷ ጻፈች። «ለአባባ» ይላል፤ «ቄስ» አይልም።

ከእጅህ ካልጣልኸው እንደገና ተመልከተው። ፊደሎቹ ሁሉ ወደ ግራ ተኝተዋል። ለፋሲካ ስትመጣ ስለ እጇ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።

ይርጋለም